ያገኘውን ብርሃን ያልሸጠ ሊቅ

ከደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መንገደኛ በይፋት ቆላ ሰፊ የማሽላ እርሻ ያያል። ማሽላው ሲያሽት ወፍ እንዳይፈጀው የገበሬ ልጅ ከማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ይጠብቃል። ማማ ማለት ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ነው። ልጁ ሳይጠነቀቅ ቢቀር ወይም እንጨቱ አርጅቶ ቢሰበር ከዚያ ላይ ይወድቃል፤ በወደቀም ጊዜ እጁ ወይም እግሩ ይሰበራል።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ወጌሻ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬም የሚወሰድ አለ። ወጌሻው በእጁ እየዳሰሰ ስብራቱን ይፈልጋል፤ አጥንቱንም አቃንቶ በሸምበቆ ያስረዋል። ብልሆች ወጌሾች ብዙ ሰው አድነዋል። ነገር ግን የወጌሻ ዓይን ከቆዳ በታች አያይም። አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሆነ፥ ወይም ተሰንጥቆ ብቻ እንደ ሆነ፥ ስብርባሪም በሥጋ ውስጥ ቀርቶ እንደ ሆነ በግምት ያውቀዋል እንጂ አያየውም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ አጥንቱ ጠምሞ ይገጥማል፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ ይኖራል።

በሐኪም ቤት ግን ራጅ የሚባል መሣሪያ አለ። ሐኪሙ ሥጋውን ሳይቆርጥ፥ ደምም ሳያፈስ፥ አጥንቱን እንደ ጥላ አድርጎ ያያል። ይህን ብርሃን ለሰው ልጅ ያስገኘው ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የሚባል የጀርመን አገር ሊቅ ነው። ልጆች ሆይ፥ የዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው ሥውሩን ነገር በትዕግሥት መፈለግ ነው፤ ሁለተኛውም ያገኙትን መልካም ነገር ለራስ ብቻ አለመሸሸግ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ዓመት፥ የአውሮፓ ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ሮንትገን መጋቢት 19 ቀን 1837 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845፥ ሌኔፕ በምትባል በጀርመን አገር ባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዳግማዊ ምኒልክ በሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነበረ። እንግዲህ በሁለቱ ልደት መካከል ያለው ጊዜ ሰባት ወር ያህል ብቻ ነው። አንደኛው ከአንኮበር ተራራ ላይ የይፋትን ቆላ ቁልቁል እያዩ የሸዋ ንጉሥ ሆነው ኖሩ፤ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሁለተኛው በአውሮፓ ከተሞች ተማሪና አስተማሪ ሆኖ ኖረ። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ሆኖም በ1888 ዓ.ም. የሁለቱ ሥራ በአንድ ቦታ ተገናኘ፤ እንዴት እንደ ተገናኘም ወደ ፊት ይነበባል።

የሮንትገን አባት ጨርቅ እያሠራ የሚነግድ ሰው ነበረ፤ እናቱም የሆላንድ ሰው ነበረች። ለእነርሱም ከእርሱ በቀር ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሦስት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ወደ ሆላንድ አገር ሄደው አፔልዶርን በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ልጁ በትምህርት ቤት ከሌሎቹ የሚበልጥ ሆኖ አልታየም። ነገር ግን በሜዳና በዱር መዘዋወር ይወድ ነበር፤ በእጁም ልዩ ልዩ መሣሪያ መሥራት ያውቅ ነበር። ይህ የእጅ ብልሃት ኋላ በሸመገለ ጊዜ እጅግ ጠቀመው።

በጎልማሳነቱ መጀመሪያ ዩትሬክት በምትባል ከተማ በእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በዚያም አንድ ተማሪ የአስተማሪውን መልክ የሚያስቅ አድርጎ ሣለ። አስተማሪውም ተቈጣና የሣለው ማን እንደ ሆነ ይናገር ዘንድ ሮንትገንን ጠየቀው። ሮንትገን ሥዕሉን እርሱ አልሣለውም፤ የሣለውን ግን ያውቅ ነበር። ባልንጀራውን አሳልፎ ላለመስጠት ዝም አለ። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በአስተማሪ ማላገጥ ነውር ነው፤ ሮንትገን ግን የሠራው ጥፋት ሳይኖር የሌላውን ቅጣት ተሸከመ።

ይህ ዝምታ ብዙ ዋጋ አስከፈለው። የትምህርት ቤቱን ምስክር ወረቀት ስላላገኘ የሆላንድና የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በር ተዘጋበት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቈርጦ ወደ አባቱ ንግድ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ያለው ትልቅ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት በፈተና ብቻ ተማሪ እንደሚቀበል በሰማ ጊዜ ወደዚያ ሄደ፤ በ1858 ዓ.ም. ትምህርቱን ጀመረ። በ1860 ዓ.ም. የመሐንዲስነት ዲፕሎማ ተቀበለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በዚያም ኩንት የሚባለውን የፊዚክስ ሊቅ አገኘና ረዳቱ ሆነ።

ኩንት ቩርዝቡርግ ወደሚባል የጀርመን ዩኒቨርሲቲ በሄደ ጊዜ ሮንትገን አብሮት ሄደ። በዚያም አስተማሪ ለመሆን ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ግን የጥንቱ ምስክር ወረቀት ስለሌለው ከለከሉት። በተዘጋው በር ፊት ቆሞ አላለቀሰም፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራውን ቀጠለ። በስትራስቡርግና በጊሰን አስተማረ፤ ስሙም እየተሰማ ሄደ። በ1881 ዓ.ም. ያ የቀድሞው ቩርዝቡርግ ራሱ ጠርቶ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አደረገው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የዩኒቨርሲቲው ሁሉ አለቃ አድርጎ መረጠው። በትዕግሥት የሚሠራን ሰው የዘጋበት በር ራሱ ተመልሶ ይከፈትለታል።

ሮንትገን በርታ የምትባል ሴት አግብቶ ነበር። ልጅ ስላልወለዱ የእርስዋን ወንድም ልጅ፥ የስድስት ዓመት ልጃገረድ፥ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጉ። በጠባዩ ዓይን አፋርና ጭምት ሰው ነበረ። ብዙ ጊዜ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ መሣሪያዎቹንም በገዛ እጁ ይሠራቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ኤሌክትሪክን ይመረምሩ ነበር። አየሩ ሊያልቅ እስኪደርስ የተመጠጠበት የብርጭቆ ዕቃ ይወስዳሉ፤ በውስጡም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ዕቃውም ያበራል። ሮንትገንም ይህን ይመረምር ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895፥ ዓርብ ቀን በመሸ ጊዜ ብቻውን በሥራ ቤቱ ነበረ። ብርሃን እንዳይወጣ የብርጭቆውን ዕቃ በጥቁር ካርቶን ሸፈነው፤ ቤቱንም አጨለመ። ኤሌክትሪኩን በከፈተ ጊዜ ግን ራቅ ብሎ የነበረ አንድ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ አበራ። ሰሌዳው ብርሃን ሲያገኘው የሚያንጸባርቅ መድኃኒት የተቀባ ነበር።

ከጥቁሩ ካርቶን ውስጥ የሚታይ ብርሃን አልወጣም። ታዲያ ሰሌዳውን ያበራው ምንድር ነው? ሌላ ሰው ምናልባት ነገሩን ችላ ብሎ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። ሮንትገን ግን ትንሹን ነገር አልናቀም። ኤሌክትሪኩን ሲዘጋ ሰሌዳው ይጨልማል፤ ሲከፍት ይበራል። እስከ ሁለት ሜትር ቢያርቀውም እንኳ ይበራ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሰባት ሳምንት ያህል በሥራ ቤቱ ተዘግቶ መረመረ። ምግቡን ብዙ ጊዜ በዚያው ይበላ ነበር፤ በዚያውም ይተኛ ነበር። በደንብ ሳያረጋግጥ ለማንም አልተናገረም።

በዕቃውና በሰሌዳው መካከል ልዩ ልዩ ነገር እያስገባ ፈተነ። አንድ ሺህ ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ አስገባ፤ ጨረሩ መጽሐፉን አልፎ ሄደ። ሣንቃ አስገባ፤ አለፈው። እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ባስገባ ጊዜ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ሆኖ ሳለ ጨረሩን አገደው። በማግኔትም ሊያጣምመው ሞከረ፤ ጨረሩ ግን አልተጣመመም። በመጨረሻም እጁን ባስገባ ጊዜ የገዛ አጥንቱን ጥላ በሰሌዳው ላይ አየ።

ይህ ነገር በወንፊት ይመሰላል። ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የላመው ያልፋል፥ ሻካራው ይቀራል። እንደዚሁም ይህ ጨረር በሥጋ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ግን ከሥጋ ይልቅ ጠጣር ስለ ሆነ ብዙውን ያስቀረዋል። ስለዚህ አጥንት ጥላ ይጥላል። ሮንትገን የጨረሩን ጠባይ ገና ፈጽሞ ስላላወቀው ኤክስ ብሎ ሰየመው። በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀው ቍጥር ኤክስ ይባላልና። ኤክስሬይ የሚለው ስም ከዚህ መጣ።

ሮንትገን ያየውን አየሁ ብሎ ብቻ አልተወውም። ዓይን ሊያታልል ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለገ። ምስክሩም የፎቶግራፍ መስተዋት ሆነ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1888 ዓ.ም. ሚስቱን በርታን ወደ ሥራ ቤቱ ጠራት። እጅዋን በመስተዋቱ ላይ አስቀምጣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታነቃንቅ ቆየች፤ እርሱም ጨረሩን ለቀቀበት። ከዚያም መስተዋቱን በመድኃኒት ባጠበው ጊዜ የእጅዋ አጥንት ሁሉ በየአንጓው ታየ፤ የጣትዋም ቀለበት እንደ ጥቁር ክብ ሆኖ ታየ። በርታ ይህን ባየች ጊዜ ሞትዋን ያየች ያህል ደነገጠች። ሕያው ሰው የገዛ አጥንቱን ማየት ከዚያ በፊት አልተሰማም ነበርና።

መስተዋቱና በኋላ በእርሱ ፈንታ የተተካው ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ፊልሙ በሙጫ መሰል ነገር የተቀባ ስስ ነገር ነው፤ በሙጫውም ውስጥ እጅግ የደቀቀ የብር ጨው አለበት። ጌጥ የሚሠራበት ብር ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ እንዲህ ያለ ጨው ይሆናል። ብርሃን ወይም ራጅ የነካው የብር ጨው በመድኃኒት ሲታጠብ ይጠቍራል፤ ያልነካው አይጠቍርም። ጨርቅ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ብዙ ቀን ቢቆይ መልኩ ይለቃል፤ ድንጋይ የተጫነበት ቦታ ግን ሳይለቅ ይቀራል። የፊልሙም ነገር ይህን ይመስላል። ሥጋ ያለበት ቦታ ጨረሩ ስለሚያልፍ ፊልሙ ይጠቍራል፤ አጥንት ያለበት ቦታ ጨረሩ ስለሚታገድ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የበርታ ቀለበትና አጥንት በጥቍረት የታየው ግን ከመስተዋቱ ወደ ወረቀት በተገለበጠ ጊዜ ነጩ ወደ ጥቁር፥ ጥቁሩም ወደ ነጭ ስለሚለወጥ ነው።

ፊልሙ የሚታጠበው በጨለማ ክፍል፥ በደብዛዛ ቀይ መብራት ነው። አስቀድሞ ዴቬሎፐር በሚባል መድኃኒት ውስጥ ይነከራል፤ ያን ጊዜ ሥውሩ ምስል ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ከዚያም በውኃ ይለቀለቃል። ቀጥሎም ፊክሰር በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ ይህም ጨረር ያልነካውን የብር ጨው አጥቦ ምስሉን ያጸናዋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ይሰቀልና ይደርቃል። መድኃኒቱ 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሲኖረው ሥራው ያምራል። እንደ ይፋት ባለ የቆላ ሙቀት ግን ሙጫው ይለሰልሳል፥ ምስሉም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ውኃውን ማቀዝቀዝ ነበረበት። በፊክሰሩ ውስጥ የቀረውም ብር አይደፋም፤ ተለይቶ ይወጣና እንደ ገና ለሥራ ይውላል።

ሮንትገን ሥራውን በጽሑፍ አድርጎ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቩርዝቡርግ የሊቃውንት ማኅበር ሰጠ። በአውሮፓ አዲስ ዓመት መጀመሪያ ጽሑፉንና የእጅዋን ምስል በልዩ ልዩ አገር ወዳሉ ሊቃውንት ላከ። ወሬውም በጋዜጣ ወጥቶ በጥቂት ቀን ዓለምን ሞላ። በዚያ ጊዜ ትልቅ ፈተና ወደ ሮንትገን መጣ። የመሣሪያውን ሥራ በሕግ ለራሱ ብቻ ቢያስከብረው ኖሮ ራጅ የሚያነሣ ሐኪም ሁሉ ገንዘብ ይከፍለው ነበር፤ እጅግም ባለጠጋ በሆነ ነበር። ይህን መብት መጠየቅ በደል አልነበረም፤ ብዙ ሰዎች ያደርጉት ነበር። ሮንትገን ግን እንዲህ ያለው ግኝት የሰው ሁሉ ሀብት ነው ብሎ ስላመነ አልጠየቀም። እንዴት እንደሚሠራ ገልጦ ጻፈ፤ የወደደ ሁሉ እንዲሠራበትም ተወው።

ይህ ለጋስነት ምን ፍሬ እንዳፈራ ከኢትዮጵያ ታሪክ ይታያል። ሮንትገን ጨረሩን ባገኘበት በዚያው በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የኢጣልያን ጦር ለመመከት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር፤ የሸዋም ሠራዊት ተከትሎአቸው ነበር። ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ ውጊያ ሆነ። ሮንትገን የሚስቱን እጅ በመስተዋት ያነሣው ከዚህ ውጊያ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። የካቲት 23 ቀን ደግሞ በዐድዋ ታላቁ ጦርነት ሆነ፤ ኢትዮጵያም ድል አደረገች።

ከቆሰሉት የኢጣልያ ወታደሮች አንዳንዶቹ በመርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በግንቦት ወር ገደማ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም በናፖሊ ከተማ በወታደሮች ሐኪም ቤት በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን አከመ። ጥይት በክንዳቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ሥጋቸውን በግምት አልቆረጠም፤ በሮንትገን ጨረር ጥይቱ ያለበትን ስፍራ ፈልጎ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል ይህ መጀመሪያው ነው። ከቩርዝቡርግ ሌሊት እስከ ናፖሊ ሐኪም ቤት ያለፈው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነበረ። ሮንትገን ሥራውን በቍልፍ ዘግቶ ዋጋ ቢደራደርበት ኖሮ እንዲህ ፈጥኖ ከዚያ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ነገር ማሰብ ይገባል። እነዚያ ወታደሮች የሰው አገር ሊይዙ የመጡ ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም አገራቸውን ለመጠበቅ በእውነት ተዋጉ። ነገር ግን ከቆሰለ በኋላ ሰው ሁሉ ሥጋና አጥንት ነው። ጨረሩ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ለሁሉ እኩል ያበራል። ለጋስ ሰው የሰጠው መልካም ነገር ለወዳጅም ለጠላትም ይደርሳል።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ድል ካደረገው ሠራዊት ብዙ ቁስለኛ ጥይት በሥጋው ውስጥ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሚያክመው የአገሩ ወጌሻና የአገሩ መድኃኒት ነበረ። በዚያው ዓመት በክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ብዙ ቁስለኞችን አከሙ፤ ነገር ግን ወደ ሩቅ ቆላና ደጋ የተመለሰውን ሁሉ ሊደርሱለት አይችሉም ነበር። ጀግንነት አገርን ከጠላት ያድናል፤ የቆሰለውን ጀግና ለማዳን ግን ከጀግንነት ጋር ትምህርት ያስፈልጋል።

የሮንትገን ብርሃን ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋም እንዳለው ኋላ ታወቀ። መጀመሪያ የሠሩበት ሰዎች ብዙዎቹ ሳይጠነቀቁ እጃቸውን በጨረሩ ውስጥ እያስገቡ ቈሰሉ፤ ጣታቸውን ያጡ አሉ፥ የሞቱም አሉ። ስለዚህ የራጅ ሠራተኛ ከእርሳስ መከለያ በስተኋላ ይቆማል፤ ወይም የእርሳስ ሽርጥ ይታጠቃል። ምን ያህል ጨረር እንደ ነካው ለማወቅ በደረቱ ላይ ትንሽ ፊልም ማንገብም ልማድ ሆነ፤ ፊልሙ ብዙ ቢጠቍር ሠራተኛው ብዙ ጨረር እንዳገኘው ይታወቃል። ፊልሙ ራሱም አንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ገደለ። የቀድሞው ፊልም እንደ ባሩድ ቶሎ የሚነድ ነበረ። ግንቦት 7 ቀን 1921 ዓ.ም. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ሐኪም ቤት የተከማቸ የራጅ ፊልም ተቃጥሎ ከጢሱና ከመርዙ የተነሣ 123 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ቶሎ የማይነድ ፊልም በየሐኪም ቤቱ ተስፋፋ። መልካም ነገር ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጨረሩ ለሕክምና ብቻ አልቀረም። በ1904 ዓ.ም. ላውኤ የሚባል የጀርመን ሊቅ ጨረሩ በማዕድን ውስጥ አልፎ በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ነጠብጣብ እንዲጥል አሰበ፤ ረዳቶቹም ሞክረው አገኙት። ከነጠብጣቡም አቀማመጥ የማዕድኑ ደቂቅ ክፍሎች እንዴት እንደ ተሰለፉ ታወቀ። የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም በአፋር ምድር ሲያልፍ ሐዳር የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ በ1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተባለችው አጥንት ተገኘች፤ ሊቃውንትም ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት እንደሚበልጥ ይናገራሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ በቴክሳስ አጥንትዋ ሳይሰበር ውስጡ በራጅ ተመረመረ። የማማው ልጅ ክንድና የድንቅነሽ አጥንት የሚታዩት በአንድ ዓይነት ብርሃን ነው።

ሮንትገን በ1892 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ ሄዶ በዚያ አስተማረ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1894 ዓ.ም. በስዊድን አገር በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክስን ሽልማት የተቀበለው እርሱ ነው። ገንዘቡን ግን ለራሱ አላስቀረም፤ ለምርምር ይሆን ዘንድ ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ከመኳንንት የሚያስቆጥር የስም ማዕርግም በተሰጠው ጊዜ አልተቀበለም። ሊቃውንት ጨረሩን በስሙ ሊጠሩለት ሲወዱ እርሱ ኤክስ የሚለውን ስም ይመርጥ ነበር።

በሽምግልናው ብዙ ኀዘን አገኘው። ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት አገሩን ጎዳ። በርታ ለብዙ ጊዜ ታማ በ1912 ዓ.ም. ሞተች። ከጦርነቱም በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋው ስለ ወደቀ ያጠራቀመው ሀብት ከንቱ ሆነበት። ሮንትገን የካቲት 3 ቀን 1915 ዓ.ም. በአንጀት ነቀርሳ በሙኒክ ሞተ፤ በጊሰንም ተቀበረ። ባለጠጋ ሊሆን ይችል የነበረው ሰው የሞተው በድኅነት አቅራቢያ ነበረ። በስሙ ሀብት ያልቈለለው ሰው ስሙ ግን በምድር ሁሉ ተነገረ፤ ሊቃውንትም ዘግይተው ካገኙአቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን በስሙ ሰየሙ።

ዛሬ በብዙ ሐኪም ቤት ፊልሙና የጨለማው ክፍል ቀርተው ምስሉ በኮምፒዩተር ይታያል፤ ጨረሩ ግን ያው ሮንትገን ያገኘው ነው። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ደረቱ በዚህ ይታያል፤ የተሰበረው አጥንት በዚህ ይቃናል። ከማማ የወደቀ የይፋት ልጅም ራጅ ወዳለበት ሐኪም ቤት ሲደርስ አባቱ ለሮንትገን ወራሾች የሚከፍለው ግብር የለም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ይህን ያዙ። ሮንትገን በልጅነቱ የባልንጀራውን ጥፋት ሸሸገ፤ በዚህም ራሱ ተጎዳ። በሸመገለ ጊዜ ግን የሁሉን ጥቅም አልሸሸገም፤ በዚህም ሌሎች ዳኑ። አላዋቂ ሰው ከዚህ የተገላቢጦሽ ያደርጋል፤ የባልንጀራውን ነውር በአደባባይ ያወራል፥ ያወቀውን ጥበብ ግን በልቡ ቀብሮ ይሞታል። እንደዚያ ያለው ሰው መክሊቱን በመሬት የቀበረውን ባሪያ ይመስላል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ላልቆጠረው ታናሽ ወንድሙ ማታ በኩራዝ ብርሃን ቢያስተምረው ከራሱ እውቀት አንዲት ፊደል እንኳ አይጎድልበትም። መብራት ከመብራት ሲለኮስ የመጀመሪያው አይጠፋም፤ ቤቱ ግን ይበልጥ ይበራል።